ምዕራፍ 6፦ «ፈርመዋል እኮ!»

አገር ቤት የስልክ ነገር ቀላል ነው። ካርድ ይሞላል፣ ጥቅል ይገዛል፣ ሂሳቡ ሲያልቅ ከኩባንያው ጋር ያለው ዝምድናም አብሮ ያልቃል። ሲሙን ነገ አውጥተው ቢጥሉት «የሃያ ምናምን ወር ዕዳ አለብህ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። እንግሊዝ አገር የመጣ ሐበሻ የሚቸገረውም እዚሁ ላይ ነው። ስልክ ሊገዛ ሱቅ ይገባና የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ ይወጣል። ምን እንደፈረመ የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ የባንክ ወረቀቱን የሚያነብለት ሰው ሲያገኝ ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለንደን ውስጥ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የሰፈራችን እናት በላስቲክ የጠቀለሉትን ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ይቺን እስቲ እያት። ስልኩ በወር 31 ፓውንድ ነው ያለኝ። ይኼ 17 የማነው?»

17ቱ የታብሌት ነበር። እትዬ ስልክ ሊገዙ ገብተው፣ ሻጩ ልጅ ትሁት ሆኖ ወንበር ስቦላቸው፣ ሊወጡ ሲሉ አንድ ሳጥን ጨመረላቸው። «ለልጅ ልጅዎ፣ ከስልኩ ጋር በነጻ» አላቸው። መርቀውት ወጡ። ሳጥኑን የልደት ስጦታ ይሆናል ብለው ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት፤ ላስቲኩም አልተቀደደም። አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይላቸዋል። «ሁለት ጊዜ በጣቴ አስፈረመኝ። የመጀመሪያው አልያዘም ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር መቼ አሰብኩ!»

ሁለት ፊርማ ሁለት ውል ነው። 17 ፓውንድ በ24 ወር ሲባዛ 408 ይሆናል፤ የነጻው ስጦታ ዋጋ ይህ ነበር። በማግስቱ አብረን ወደ ሱቁ ሄድን። ሌላ ሻጭ ነበር ተረኛው። ስክሪኑን ወደኛ አዞረና በጣቱ አሳየን፦ ፈርመዋል እኮ! ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር የለም በሚል ዓይን ተመለከተን።

የሚባል ነገር ግን አለ። እንግሊዞች ገዥን አሳስቶ ውል ማስገባትን ራሱን የቻለ ስም ሰጥተው፣ ሕግ አውጥተውለት፣ መውጫውንም ደንግገዋል። እኔ በዚህ ምዕራፍ «አሳስቶ መሸጥ» እለዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊርማ ከባድ ነገር መሆኑን አልክድም። በ1934 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ ዛሬም የሕግ ተማሪዎች መጀመሪያ ከሚያጠኗቸው አንዱ ነው። በሰሜን ዌልስ ላንዱድኖ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ካፌ የነበራት ሴት የሲጋራ መሸጫ ማሽን ታዛለች። የፈረመችበት ቡናማ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመ አንቀጽ ነበር፤ ስለ ማሽኑ ደኅንነት ሻጩ በወረቀቱ ከሰፈረው ውጭ ዋስትና የለበትም ይላል። ማሽኑ ብዙም ሳይቆይ እየተቀረቀረ አልሠራ አለ። ሴትየዋ ከሰሰችና ተረታች። አንብባ ፈረመችም ሳታነብ ፈረመች፣ ፊርማዋ ያስራታል ተባለ። ዳኞቹ ግን አንድ ቀዳዳ ትተው ነበር፦ ማጭበርበር ወይም ሐሰተኛ ገለጻ ከሌለበት በቀር።

የሻጩ ጠበቃ አልፍሬድ ዴኒንግ ነበር። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ ያ ጠበቃ የይግባኝ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ ሌላ ወረቀት የፈረመች ሴት ጉዳይ ቀረበለት። ይህችኛዋ ዶቃና አብረቅራቂ የተሰፋበት የሙሽራ ቀሚስ ወደ ማጠቢያ ቤት ወስዳለች። ወረቀት ሲቀርብላት ለምን እንደምትፈርም ጠየቀች። ሠራተኛዋም ድርጅቱ በዶቃውና በአብረቅራቂው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ እንደማይሆን ለመግለጽ ነው አለቻት። ፈረመች። ቀሚሱ እድፍ ይዞ ተመለሰ። ወረቀቱ ሲነበብ ድርጅቱን ከማንኛውም ጉዳት ነጻ የሚያወጣ ሆኖ ተገኘ። ዴኒንግና ባልደረቦቹ ለሴትየዋ ፈረዱ፤ የድርጅቱ ሠራተኛ ስለ ወረቀቱ የተሳሳተ ነገር ከተናገረች ድርጅቱ በዚያ ወረቀት ሊከለል አይችልም አሉ። በ1934 ሻጩን ወክሎ ያሸነፈው ሰው በዚያው ፍርድ ውስጥ የቀረችውን ቀዳዳ ለገዥ በር አደረጋት ማለት ነው። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ።

«ማንበብ ነበረብዎት» ለሚለውም መልስ አለ፤ እሱ እንዲያውም ከሁለቱም ይቀድማል። በ1881 አንድ ሰው በዓመት 300 ፓውንድ ገደማ ያስገባል የተባለ የጥብቅና ሥራ ድርሻ ሊገዛ ተዋዋለ። ገቢው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ መሆኑን የሚያሳዩ ወረቀቶች ቀርበውለት ነበር፣ በቅጡ አልመረመራቸውም። ፍርድ ቤቱ ግን፣ ሐሰት የተናገረ ሰው «አጣርተህ ብትይዘኝ ኖሮ» ብሎ ሊከራከር አይችልም ሲል ገዥውን ከውሉ አወጣው። እኛም አገር ቢሆን የ1952 ዓ.ም. (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1696 በስህተት ወይም በማታለል የተገኘ ፈቃድ ውሉን ሊያፈርሰው እንደሚችል ይናገራል። ሐሳቡ ለሐበሻ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ አሳስቶ መሸጥ የሚባለው የትኛው ነው? «ከእኛ የተሻለ ኔትወርክ የለም» ያለ ሻጭ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ዕቃውን እያሞገሰ ነው፤ በዚህ ማንም አይከሰስም። «ቤትዎ ውስጥ ይሠራል» ካለ ግን ሊመረመር የሚችል ነገር ተናግሯል። «ዋጋው እስከ መጨረሻ አይጨምርም»፣ «በስድስተኛው ወር መጥተው መቀነስ ይችላሉ»፣ «ታብሌቱ ነጻ ነው» የሚሉትም እንዲሁ። በእኛ ሰው ላይ ደጋግሜ ያየሁት ደግሞ «ያልተገደበ ጥሪ» የሚባለው ነው። «ወደ ኢትዮጵያም ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሻጩ «አዎ» ይላል። መሥራቱስ ይሠራል፤ ያልተገደበው ግን በብሪታንያ ውስጥ ያለው ጥሪ ነው፣ ወደ አዲስ አበባ የተደወለው በደቂቃ ይቆጠራል። ይህ ዓይነቱ ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይልቅ ለማስረዳት ያስቸግራል፣ ስለዚህ ምን ተብሎ እንደተጠየቀና ምን ተብሎ እንደተመለሰ ቃል በቃል ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ወዲህ፣ ነጋዴው ስለ አገልግሎቱ በአፉ የተናገረው ነገር ገዥው አምኖበት ከወሰነ የውሉ አካል ሆኖ ይቆጠራል። ይህ አንቀጽ፣ 50ኛው፣ ከሕጉ ሁሉ ለእኛ ሰው የሚጠቅም ይመስለኛል፤ እኛ ውል የምንገባው በጆሯችን ነውና።

ጸጸት ግን ሌላ ነገር ነው። ስልኩ ውድ መሆኑን አውቆ ገዝቶ በሦስተኛው ወር ጎረቤት በርካሽ ማግኘቱን የሰማ ሰው አልተታለለም። እንዲህ ላለው የሚጽፍለት ደብዳቤ የለኝም።

ሻጮቹ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ የሚለው ብዙ አያከራክርም፤ በየውሉ ኮሚሽን አለ። በሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ኔትወርኮቹን ወክለው የሚሸጡ መካከለኛ ነጋዴዎች «ኪራይዎን መልሰን እንሰጥዎታለን» እያሉ ብዙ ሰው አስፈርመው ነበር። ገንዘቡን ለማስመለስ እገሌ ወር ላይ የወጣውን ደረሰኝ በእገሌ ቀን ውስጥ በፖስታ መላክ ያስፈልጋል፤ አንድ ቀን ያሳለፈ አይከፈለውም። አንዳንዱ ነጋዴ ጭራሹን ከስሮ ጠፋ፣ ከኔትወርኩ ጋር የተፈረመው ውል ግን በገዥው ትከሻ ላይ ቀረ። የመገናኛ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በመስከረም 2009 የሞባይል አሻሻጥን የሚመለከት አስገዳጅ ደንብ ሥራ ላይ ያዋለው ይህን የመሰለ አቤቱታ ከበዛበት በኋላ ነው።

መውጫው በር ውሉ በተፈረመበት ቦታ ይለያያል። በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይም ቤትዎ ደጃፍ ላይ ከተሸጠልዎ 14 ቀን አለዎት፤ ምክንያት ሳይሰጡ ማፍረስ ይችላሉ፣ የተጠቀሙበትን ብቻ ይከፍላሉ። ይህ መብት እንዳለዎት ካልነገሩዎት ደግሞ ጊዜው እስከ 12 ወር ሊራዘም ይችላል። «ከራስዎ ኔትወርክ ነው የምንደውለው፣ ቅናሽ ደርሶዎታል» እያሉ ሌላ ውል ለሚያስገቡት ደዋዮች መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ቶሎ ማፍረስ።

ሱቅ ገብተው ከፈረሙ ግን ይህ 14 ቀን የለም። ብዙ ሰው አለ ብሎ ያምናል፣ የለም። ሱቁ በራሱ ፈቃድ መመለሻ ጊዜ ካልሰጠ በቀር ሕጉ አያስገድደውም። በሱቅ ለተሸጠለት ሰው ያለው ሌላ በር ነው። ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ድንጋጌ፣ አሳሳች ነገር ተነግሮት የተዋዋለ ሸማች በ90 ቀን ውስጥ ውሉን አፍርሶ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። 90 ቀኑ ካለፈ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ይቻላል፤ እንደ ጥፋቱ ክብደት 25፣ 50፣ 75 ወይም 100 በመቶ። ይህ ሁሉ ያለፈበትም በ1967ቱ የሐሰተኛ ገለጻ ሕግ መከራከር ይችላል፣ ዳሩ ግን በቆየ ቁጥር ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። አገልግሎቱን ለአንድ ዓመት ሲጠቀም ኖሮ «ተታለልኩ» የሚል ሰው ውሉን ተቀብሎታል መባሉ አይቀርም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ዛሬ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ስልኩን በአንድ ወረቀት፣ ጥሪውንና ዳታውን በሌላ ወረቀት ያስፈርማሉ። የስልኩ ወረቀት ብድር ነው። በ1974ቱ የብድር ሕግ የሚገዛ ከሆነ በሱቅም ቢፈረም በ14 ቀን ውስጥ ከብድሩ መውጣት ይቻላል፤ ግን የተበደሩትን በ30 ቀን ውስጥ መክፈል ግድ ነው። አንዱን ውል ማፍረስ ሌላውን ላያፈርሰው ስለሚችል ስንት ወረቀት እንደፈረሙ አስቀድሞ መቁጠር ይበጃል።

ወደ እትዬ ልመለስ። ከፈረሙ 61ኛው ቀን ላይ ነበርን፣ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል። ቡና ላይ የሰማ ሁሉ የሰጣቸው ምክር አንድ ነበር፦ ዳይሬክት ዴቢቱን ይዝጉት! ባንክ ሄደው ሊዘጉ ሲነሱ ነው የያዝኳቸው። እኔ ራሴ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ፤ 11 ፓውንድ ለማትሞላ ሲም ተናድጄ ክፍያውን አቋረጥኩ። እውነት ከእኔ ጋር ስለነበረች ኩባንያው የሚያፍር መስሎኝ ነበር። ኩባንያው አያፍርም። ያልተከፈለ ሂሳብ ሲያይ ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ ይልካል፣ ቀጥሎ ዕዳ ሰብሳቢ ይመጣል፣ ቀጥሎ ስምዎ በብድር መዝገብ ላይ ይጻፋል። አልከፈለም ተብሎ የተመዘገበ ስም 6 ዓመት ይቆያል፤ ቤት ሲከራዩም፣ መኪና በብድር ሲጠይቁም ብቅ ይላል። ስለዚህ እየተከራከሩ ይክፈሉ። የምከፍለው ውሉን ተቀብዬ አይደለም፣ አቤቱታዬ እስኪታይ ድረስ ነው ብለው በጽሑፍ ያሳውቁ። ካሸነፉ ይመለሳል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት ለስልክ ሱቅ የተነገረ ይመስላል። ሻጩ የተናገረው ቃል በሱቁ አየር ላይ ቀርቷል፤ ኩባንያው እጅ ያለው ግን ፊርማ ነው። ታዲያ ማስረጃ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ከራሱ ከኩባንያው። በ2018ቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ሁሉ፣ የተቀዳ የስልክ ንግግር ጭምር፣ ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላል፤ ኩባንያውም በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መስጠት አለበት። በስልክ ለተሸጠለት ሰው ይህ ወርቅ ነው። ሻጩ ምን እንዳለ በገዛ ድምፁ ይሰማል።

የእትዬ በሱቅ ስለነበር ድምፅ አልተገኘም። ሁለት ነገር ግን አገኘን። አንደኛው የታብሌቱ ሲም ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ የተጠቀመው ዳታ ዜሮ መሆኑ ነው። ዕቃውን የገዛሁት አልመሰለኝም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ሁለተኛው ያልጠበቅነው ነበር። ከሰኔ 17 ቀን 2022 ጀምሮ በኦፍኮም ደንብ መሠረት፣ ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት የውሉን ዋጋ፣ ዘመንና ማፍረሻ ክፍያ የያዘ አጭር ማጠቃለያ ሊሰጠው ይገባል። ኩባንያው «በኢሜይል ልከናል» አለ። የላከበትን አድራሻ አየነው፤ የእትዬ ስም፣ ነጥብ፣ ከዚያ አራት ቁጥር። እትዬ ኢሜይል ኖሯቸው አያውቅም። ትሁቱ ልጅ ስክሪኑ አላሳልፍ ሲለው ፈጥሮ የጻፈው ነበር።

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ሆነ። ስድብ የለበትም፣ «ሕግ አለ» የሚል ማስፈራሪያም የለበትም። መቼ፣ የትኛው ሱቅ፣ ሻጩ ስለ ታብሌቱ ምን አለ፣ እትዬ ያን ባይል ኖሮ ይፈርሙ ነበር ወይ፣ ማጠቃለያው ለማን ተላከ፣ አሁን ምን ይፈልጋሉ። የመጨረሻው ሲጎድል ብዙ አቤቱታ መና ይቀራል፤ ሰው በደሉን ዘርዝሮ ጥያቄውን ይረሳል። እኛ ሦስት ነገር ጠየቅን፦ ሁለተኛው ውል ያለ ቅጣት ይፍረስ፣ የተከፈለው ይመለስ፣ በብድር መዝገብ ላይ ምንም ምልክት አይቅር። ርዕሱ ላይ «መደበኛ ቅሬታ» ብለን ጻፍን፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰዓት ይቆጠራልና።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ወደ እንባ ጠባቂው ነው። ኦምቡድስማን የሚለውን ቃል አማርኛ «እንባ ጠባቂ» ማለቱ ከብዙ ቋንቋ ይልቅ ያምርበታል። በብሪታንያ እያንዳንዱ የስልክ ኩባንያ ከሁለት ገለልተኛ የዳኝነት ተቋማት የአንዱ አባል መሆን ግዴታው ነው፤ አንዱ ኮሙኒኬሽንስ ኦምቡድስማን፣ ሌላው ሲሳስ ይባላል። ለደንበኛው በነጻ ነው። ቅሬታው በተወሰነለት ጊዜ ካልተፈታ፣ ወይም ኩባንያው ከዚያ በፊት «የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው» የሚል ደብዳቤ ከሰጠ፣ ጉዳዩ ወደዚያ ይሄዳል። ጊዜው ለዓመታት 8 ሳምንት ነበር፤ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ወደ 6 እንዲያጥር ኦፍኮም ወስኗል። የእንባ ጠባቂው ውሳኔ ደንበኛው ከተቀበለው ኩባንያውን ያስራል፤ ደንበኛው ካልተቀበለው ግን እሱን አያስረውም፣ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እንዲህ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ሽምግልና የትም አላየሁም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ደግም ተደርጓል።

በአምስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ጥፋት የለብንም፣ ግን ለመልካም ግንኙነት ስንል የታብሌቱን ክፍያ በግማሽ እንቀንሳለን ይላል። ለእትዬ አነበብኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣

«ግማሹን ነው እንዴ የዋሸኝ?» አሉ።

ይህንኑ በጨዋ ቋንቋ ጻፍኩት። እንዲህ ያለው የመጀመሪያ ስጦታ ብዙ ጊዜ መጨረሻው አይደለም፤ ኩባንያው ጉዳዩ እንባ ጠባቂ ዘንድ ሲቀርብ ለራሱ የዳኝነት ክፍያ እንደሚያወጣ ያውቃል። በአሥረኛው ቀን ተደወለ። ውሉ ፈረሰ፣ በአራት ወር የተቆረጠው 68 ፓውንድ ተመለሰ፣ ታብሌቱም ላስቲኩ ሳይቀደድ ከቁም ሣጥኑ ላይ ወርዶ ሄደ። የስልኩ ውል ባለበት ቀጠለ፤ እሱን እትዬ አውቀው ነው የገዙት።

ስለ ዋጋ ጭማሪ የሚጠይቁኝ ስላሉ ባጭሩ ልበል። ቀድሞ ኩባንያዎቹ በውል መሀል ዋጋን በዋጋ ግሽበቱ ላይ 3.9 በመቶ እየጨመሩ ከፍ ያደርጉ ነበር፤ በ2023 ጸደይ ጭማሪው ከ14 በመቶ ያለፈባቸው አሉ። ከጥር 17 ቀን 2025 ወዲህ በሚፈረም ውል ይህ ክልክል ነው፤ የሚጨመር ካለ ስንት ፓውንድና ስንት ሳንቲም እንደሆነ፣ መቼም እንደሚጨመር አስቀድሞ መነገር አለበት። በውሉ ያልተጻፈ የዋጋ ጭማሪ ከመጣ ደግሞ ቢያንስ የአንድ ወር ማስታወቂያ ሊሰጥዎት፣ ያለ ቅጣትም መውጣት ሊፈቀድልዎት ይገባል።

ብሪታንያ የሚኖሩ ከሆነ ይህን ምዕራፍ ሲዘጉ ስልክዎን ያንሱ። «ኢንፎ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ወደ 85075 ይላኩ፤ አያስከፍልም። ዛሬ ውሉን ቢያፈርሱ ስንት እንደሚጠየቁ ወዲያው ይመጣልዎታል። ከዚያ የእናትዎንም ስልክ ተቀብለው እንዲሁ ያድርጉ፤ የባንክ ወረቀታቸውንም አብረው ይጠይቁ።